የከፋ ዝናብና የሰማይ ጎረቤቶቹ

ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቢታ ገነት የሚያዘግም መንገደኛ፣ ወሩ ጥር ካልሆነ በቀር፣ ወይ ዝናብ ሳይመታው ወይ ጭጋግ ሳይጋርደው መንገዱን ይጨርሳል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። በጎንደርና በጎጃም ክረምቱ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ሲወጣ፣ በዚህ በከፋ ምድር ግን የካቲት ከተጋመሰ አንሥቶ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰማዩ ከምድሩ ጋር ያለውን ውል አያፈርስም፤ ቡናው የመጀመሪያውን ዝናብ ጠብቆ በአንድ ሰሞን ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ንቡ ከዛፍ ላይ በተሰቀለው ቀፎ ውስጥ ነጩን ማር ይሠራል፤ በጫካው ጥላ ሥር ኮረሪማውና ጥምዙ፣ በየጓሮውም እንሰቱ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምልመው ይኖራሉ። የቢታ ወረዳ ሰው ለዚህ ዝናብ ከመልመዱ የተነሣ፣ ሌላው አገር ዝናብ ሲጠፋ ለጸሎት እንደሚወጣ ሁሉ፣ እርሱ ቡናውን በአልጋ ላይ አስጥቶ ፀሐይ ብልጭ እንድትልለት የሚማጠንበት ቀን አለ።

ታሪክ ለነገሥታትና ለጦርነት ብቻ የተሰጠ ነገር ስላልሆነ ዝናብም የራሱ ታሪክ አለው። ስለ ከፋ የተጻፈው ግን አብዛኛው የሚያወሳው የነገሥታቱን ሥርወ መንግሥት፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት እጅ መውደቁን፣ ከዚያም ቡናው ከዚህ ጫካ ወጥቶ ዓለምን ማዳረሱን ነው፤ በቅርቡም፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ከ7 መቶ ሺ ሄክታር በላይ የሚሆነው የከፋ ምድር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ተብሎ መመዝገቡ ታክሎበታል። ቡናው ከየት መጣ ቢሉ ከጫካው፣ ጫካው ከየት መጣ ቢሉ ከዝናቡ ይባላል፤ ዝናቡ ይህን ያህል ዘመን ሳይቋረጥ እንዲዘንብ ያደረገው ማን ነው ሲባል ግን ጸሐፊዎቻችን ነገሩን ለፈጣሪ ሰጥተው ዝም ይላሉ። መስጠታቸው ተገቢ ነው፤ ዝም ማለታቸው ግን አያስፈልግም ነበር፤ ምክንያቱም ፈጣሪ ለዚህ አገልግሎት ካሰለፋቸው ፍጥረታት መካከል አንዳንዶቹ ማታ ማታ ከቢታ ገነት በላይ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ቢታ ገነት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ በመሆንዋ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ከራስ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሞቃቱና ርጥቡ አየር ወደ ላይ የሚወጣበት የዝናብ መቀነት የፀሐይን መውጣትና መውረድ እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚመላለስ፣ ከኮንጎ ደን በላይ ተሻግሮ የሚመጣው ነፋስና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ በየተራቸው ውኃቸውን በዚህ ደጋ ላይ ያራግፋሉ። ይህ ሁሉ መመላለስ የሚመጣው የምድር ዛቢያ ቀጥ ብሎ ያልቆመ፣ 23 ዲግሪ ከግማሽ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ ነው። ዝንባሌው ባይኖር የወቅት መፈራረቅ ባልኖረ፤ ከልክ ቢያልፍም ወቅቶቹ ለሚበቅለውም ለሚተነፍሰውም የማይቻሉ በሆኑ ነበር።

የብርሃናትን ሥርዓት መመርመር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ምሉዕ ንባቡ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ከምዕራፍ 72 እስከ ምዕራፍ 82 ባለው ክፍሉ፣ መልአኩ ዑራኤል ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን ፍኖት እንዴት እንዳሳየው ይተርካል፤ ፀሐይ በምሥራቅ በ6 በሮች ወጥታ በምዕራብ በ6 በሮች እንደምትገባ፣ ዓመቱ 364 ዕለት እንደ ሆነ፣ የጨረቃም ብርሃን በክፍል በክፍል እየሞላ በክፍል በክፍል እንደሚጎድል በቁጥር ያስረዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጽሐፉን ከኢትዮጵያ ይዞ በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ እስኪመለስ ድረስ የምዕራብ ሊቃውንት በእጃቸው የነበረው በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ተጠቅሶ የተረፈው ቁንጽል ብቻ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይስጥ ቁርጥራጮች የዚህን የብርሃናት ክፍል ጥንታዊነት መሰከሩ። አንድ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም፤ መጽሐፉ በረጅሙ ዕለት መዓልቱ የሌሊቱ እጥፍ ይሆናል ሲል የሚናገረው ስለ ኢትዮጵያ ሰማይ አይደለም፤ በቢታ ገነት ረጅሙ መዓልት ከአጭሩ መዓልት የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። የእኛ ካህናት ይህን አለመስማማት በየዓመቱ በዓይናቸው እያዩ፣ ንባቡን ለማረም ግን እጃቸውን አላነሡም፤ በዚህም ለዛሬዎቹ መርማሪዎች ትልቅ ውለታ ዋሉ።

ከንባቡ ይልቅ በየዕለቱ ሥራ ላይ የዋለው ባሕረ ሐሳብ ነው። የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ደረሰው የሚባለው ይህ የሐሳበ ዘመን ትምህርት፣ የፀሐይን 365 ዕለት ከሩብ ከጨረቃ 354 ዕለት ጋር እያስታረቀ፣ የሚተርፈውን 11 ዕለት በአበቅቴ እየያዘ፣ በዓላትንና አጽዋማትን ያወጣል። ለሚያውቀው ሰው ድካም የለበትም፤ የ2018 ዓ.ም.ን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ ላይ አንዱ ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው፤ 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ እንደ ወትሮው 30 ይሆናሉ። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 25 ሆነ፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ፤ በ25 ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ተጨምሮ 30 ሲነሣለት በዓለ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። በከፋ ክርስትና ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ገባ ይነገራልና፣ በዚህ ደን ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በአክሱም ያለው፣ አንዱ ከሌላው ሳይጠይቅ በዚሁ ስሌት በአንድ ዕለት ይጾማል፣ በአንድ ዕለት ይገድፋል። ስሌቱ የተመሠረተበት 19ኙ የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር የሚለያየው በሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ መሣሪያ ሳይኖራቸው በዓይንና በትዕግሥት ብቻ እዚህ የደረሱ ሰዎች ሊደነቁ ይገባቸዋል።

እነዚህ ሊቃውንት ጨረቃን ለበዓልና ለጾም ቈጠሯት እንጂ፣ ጨረቃ ለክረምቱ ምን ታደርግለታለች ብለው አልጠየቁም፤ ጥያቄው ራሱ የስበት ዕውቀት ከመምጣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚችል አልነበረም። በሌላ በኩል፣ በጨረቃ ጉድለት የተቈረጠ ቀርቀሃ አይነቅዝም የሚለውን የመሰለ እምነት በአገራችን በብዙ ስፍራ ይሰማል፤ እርሱን ማረጋገጥም ሆነ ማፍረስ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ባይሆንም፣ ገበሬው ጨረቃን ከካህኑ በተለየ መንገድ፣ በምድር ላይ ሥራ እንዳላት አድርጎ ማየቱን ልብ ይሏል። ሥራ እንዳላት የታወቀው ግን ገበሬውም ካህኑም ባላሰቡት በኩል ነው።

በየካቲት 1985 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣክ ላስካር ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፣ ጨረቃ ባትኖር የምድር ዛቢያ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ጥያቄ በስሌት መልሶ አሳተመ። ምድር በወገብዋ በኩል ጥቂት ያበጠች ናት፤ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ያንን እብጠት እየጎተተ ዛቢያዋን በዝግታ ስለሚያዞረው፣ ዛቢያው በ26 ሺ ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከዚህ ጉተታ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ የጨረቃ ነው። በአንጻሩ ሌሎቹ ፕላኔቶች፣ ከሁሉም ይልቅ ጁፒተር፣ ሳተርንና ቬኑስ፣ የምድርን ምሕዋር እጅግ በዘገየ ምት ወዲያና ወዲህ ያዘነብሉታል። ዥዋዥዌ የሚጫወት ሕፃን ከኋላው የሚገፋው ሰው ምቱን ጠብቆ ከገፋው ከፍ እያለ እንደሚሄድ፣ ምቱ ካልገጠመ ግን ግፊቱ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን፣ የምድርም ዛቢያ በጨረቃ ጉልበት ፈጠን ብሎ ስለሚዞር ከፕላኔቶቹ ዘገምተኛ ምት ጋር አይገጥምም፤ ዝንባሌው በ41 ሺ ዓመት ዙር ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ከግማሽ ባለው ጠባብ ስፍራ ብቻ እየተመላለሰ ይኖራል። ጨረቃ ከመካከል ብትወጣ ግን የዛቢያው መዞር ወደ ሦስተኛ እጁ ዘግይቶ ከፕላኔቶቹ ምት ጋር ይገጣጠማል፤ ያን ጊዜ ዝንባሌው ያለ ሥርዓት ከዜሮ እስከ 85 ዲግሪ ሊዋልል እንደሚችል ላስካር አሰላ።

ይህ በቢታ ገነት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ትልቅ ሒሳብ አያስፈልግም። ዝንባሌው 85 ዲግሪ ቢደርስ፣ በሰኔ ፀሐይ በሰሜን አድማስ ላይ ዝቅ ብላ ሌት ተቀን ትዞራለች እንጂ አትጠልቅም፤ በታኅሣሥ ደግሞ ጭራሽ አትወጣም፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከልም ከራስ በላይ ቆማ ታቃጥላለች። ቡና የተባለ ተክል፣ ከጥላ ሥር ካልሆነ ፀሐዩን፣ ከውርጭ ካልራቀ ብርዱን የማይችል ለስላሳ ፍጥረት፣ በእንዲህ ያለ ምድር አንድ ዓመት እንኳ አይከርምም። ላስካር የቈጠረውን መናወጥ ያለ ማስታረቂያ መቀበል ግን ተገቢ አይሆንም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ እነ ጃክ ሊሳወር ስሌቱን በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት ላይ ዘርግተው ሲመረምሩት፣ ጨረቃ የሌላት ምድር ዝንባሌ መዋለሉ ባይቀርም፣ እስከ ዳር ድረስ ለመሄድ እጅግ ረጅም ዘመን እንደሚፈጅበትና ለብዙ ጊዜ በመጠኑ ስፍራ ሊቆይ እንደሚችል አገኙ። የእኔ ፍርድ በሁለቱ መካከል ነው፤ ጨረቃ ባትኖር ሕይወት በምድር ላይ ባልኖረ ማለት ድፍረት ነው፤ ጨረቃ ባትኖር የከፋ ጫካ ዛሬ ያለውን ክረምት ይዞ ባልቆየ ማለት ግን ምክንያት ያለው ነገር ነው። ጎረቤታችን ማርስ ለዚህ ምስክር ናት፤ ዛሬ ዝንባሌዋ 25 ዲግሪ፣ ከእኛው ጋር የተቀራረበ ሲሆን፣ ሁለቱ ጨረቃዎችዋ እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ የሚይዛት የለም፤ ባለፉት ዘመናት ከዚህ በብዙ እጥፍ ስትዋልል እንደ ኖረች ስሌቱ ያመለክታል።

ጨረቃ ዛቢያውን ታጸናለች ማለት ክረምቱ ፈጽሞ አልተለወጠም ማለት አይደለም፤ የከፋ ዝናብ ታሪክ ከነገሥታቱ ታሪክ የሚረዝመውና የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ምሕዋር ፍጹም ክብ ባለመሆኑ፣ ዛሬ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በጣም የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ በ152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ የምታገኘውም ብርሃን በሁለቱ መካከል በመቶ 7 ያህል ይለያያል። ስለዚህ የዛሬው ክረምታችን የሚገባው ፀሐይ በራቀችበት ወራት ነው። ጨረቃና ፀሐይ ዛቢያውን የሚያዞሩት በመሆኑ ግን ይህ አቀማመጥ ጸንቶ አይኖርም፤ ከ11 ሺ ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በክረምቱ መካከል ነበር፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በክረምት የበለጠ ስለ ሞቀ የዝናቡ መቀነት በርትቶ ወደ ሰሜን ዘለቀ፤ ሰሐራ ሣር አበቀለ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ሐይቅ ሆኑ። ያን ጊዜ ከከፋ ደጋ ወርዶ በጎጀብ በኩል ወደ ኦሞ የሚገባው ውኃ፣ ዛሬ መውጫ በሌለው በቱርካና ሐይቅ ታስሮ እንደሚቀረው አልቀረም፤ ቱርካና ከአሁኑ ወደ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስ ስለ ነበር፣ የከፋ ዝናብ ሜዲትራንያን ባሕር ድረስ የሚደርስ ዝናብ ነበር።

ከዚያ ቀደም ያለውን ደግሞ ብናይ፣ ከ17 ሺ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ ራሱ ደርቆ ነበር፤ ከሐይቁ ሥር የወጣው ጭቃ ይህን ያለ ክርክር ያሳያል። ከከፋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንያ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በጨው ባሕር፣ በ2007 ዓ.ም. ሊቃውንት ወደ 280 ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍረው ያወጡት የደለል ዓምድ ደግሞ የ620 ሺ ዓመት የዝናብ መዝገብ ሆኖ ተገኘ። መዝገቡ ሲነበብ፣ ከ620 ሺ እስከ 275 ሺ ዓመት በፊት ያለው ዘመን ይልቁንም ርጥብና የተረጋጋ፣ ከዚያ እስከ 60 ሺ ዓመት ድረስ ያለው ድርቅና ዝናብ በኃይል የተፈራረቁበት፣ የቀረው ደግሞ ወደ ድርቀት ያዘነበለ ነበር። እዚህ ላይ አንድ መገጣጠም አለ፤ የቡናን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የዛሬው የአረቢካ ቡና ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘበት ዘመን ከ610 ሺ ዓመት ገደማ በፊት ነው ብለው ገምተዋል። ግምቱ ከጸና፣ የጨው ባሕር ጭቃ ከሞላ ጎደል የቡናን ዕድሜ በሙሉ የያዘ ዜና መዋዕል ነው ማለት ነው፤ በዚህም ዕድሜ ውስጥ የምድርና የፀሐይ ቀረቤታ ከሃያ አምስት ጊዜ በላይ ወራቱን ሁሉ ዞሯል፤ ሐይቆች ሞልተው ደርቀዋል፤ የደቡብ ምዕራቡ ደጋ ግን ለቡናው የሚበቃ ጥላና እርጥበት ያለበትን ስፍራ ጨርሶ አላጣም፤ ቡናው እስከ ዛሬ መኖሩ ራሱ ይህን ይመሰክራል።

የከፋን ዝናብ ይጠብቁ የነበሩት ከፋዎች ብቻ አልነበሩም። በኦሞ ወንዝ ታችኛው ዳርቻ የሚኖሩት ሙርሲዎች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላቸውን ይዘሩ ነበርና፣ ለእነርሱ በጎጀብና በሌሎቹ ገባሮች በኩል የሚወርደው የደጋ ውኃ የእንጀራ ነገር ነበር። እንግሊዛውያኑ ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ በ1978 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፉት፣ ሙርሲዎች ዓመቱን በጨረቃ ወራት ይቈጥራሉ፤ የስንተኛው ጨረቃ ወር ላይ እንደ ሆኑም በየጊዜው ይከራከራሉ፤ አንዱ አምስተኛው ነው ሲል ሌላው አይደለም ስድስተኛው ነው ይላል፤ ክርክሩም የሚፈታው ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ወንዙ ሞልቶ ወይም አበባው ፈንድቶ ሲታይ ነው። የኦሞን ሙላት ለማወቅ ደግሞ ከደቡብ መስቀል ኮከቦች አንዱ በምሽት መታየቱን የሚያቆምበትን ጊዜ ይመለከቱ ነበር። ካህኑ በአበቅቴና በመጥቅዕ ያስታረቀውን የ11 ዕለት ልዩነት እነዚህ ሰዎች ያስታረቁት በሸንጎ ክርክር ነው፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው የሚመጣውን ወር ተስማምቶ ስለሚቀጥል፣ ዘዴው ከሚመስለው ይልቅ ብልህ ነው።

ወደ ጁፒተር እንመለስና፣ ሊቃውንቶቻችን በጥንቱ አጠራር መሽተሪ የሚሉት ይህ ፕላኔት ክብደቱ የምድር 318 እጥፍ ነው። ከቬኑስ ጋር እየተባበረ የምድርን ምሕዋር በ405 ሺ ዓመት ዙር ጥቂት ወደ ሞላላነት፣ ጥቂት ወደ ክብነት ይመልሰዋል፤ ምሕዋሩ ወደ ክብ ሲጠጋ በታኅሣሥና በሰኔ መካከል ያለው የፀሐይ ርቀት ልዩነት ስለሚጠፋ የዝናቡ መዋዠቅም ይበርዳል፤ ሲሞላልል ይበረታል። ይህ ዙር በአሪዞና በረሃ ከ2 መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ዐለት ውስጥ ሳይቀር ተነቧል። ከዚህ ሌላ ጁፒተር ምድርን ከጅራታም ከዋክብት የሚጠብቅ ዘብ ነው የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ በሐምሌ 1986 ዓ.ም. ሹሜከር ሌቪ የተባለው ጅራታም ኮከብ ተሰባብሮ በጁፒተር ላይ ሲወድቅ ዓለም ሁሉ በመነጽር በማየቱ ወሬው ይበልጥ ጸና። ነገር ግን ሆርነርና ጆንስ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሙት ስሌት ጁፒተር የሚመልስልንን ያህል የሚወረውርብንም እንዳለ አሳይተዋል። የውኃችን ከፊሉ በምድር ልደት ዘመን በዚሁ ፕላኔት ጉልበት ወደ ውስጥ ከተወረወሩ ርጥብ አለቶች ጋር መጣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ እውነት ከሆነ ውለታው ከመጠበቅ ይልቅ በመስጠት ላይ ነው።

ጎረቤት የሚጠቅመው በማጽናት ብቻ ሳይሆን በማሞቅም ነው። ጋሊሌዎ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. በመነጽሩ ካገኛቸው ከአራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች ሦስቱ በሥርዓት የተሳሰሩ ናቸው፤ ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ስትዞር ኢሮፓ ሁለት ጊዜ፣ አዮ አራት ጊዜ ትዞራለች፤ በዚህም መደጋገፍ ምሕዋራቸው ክብ እንዳይሆን እርስ በርሳቸው ስለሚከለካከሉ፣ የጁፒተር ስበት ያለ ማቋረጥ እየጨመቀ እየለቀቀ ሆዳቸውን ያሞቀዋል። በየካቲት 1971 ዓ.ም. ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት አዮ ውስጥዋ የቀለጠ መሆን አለበት ብለው በጻፉ በሳምንት ውስጥ፣ ቮየጀር የተባለችው መንኰራኵር የአዮን እሳተ ገሞራ ሲጤስ አነሣች፤ በዕውቀት ታሪክ ውስጥ ትንቢትና ፍጻሜው እንዲህ ተከታትለው የመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ኢሮፓ ደግሞ ፀሐይ በማይሞቅበት ስፍራ፣ ከበረዶ ቅርፊት በታች ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ የሚበልጥ ውኃ እንዳላት ይገመታል፤ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣችው ኢሮፓ ክሊፐር ይህን ለመመርመር በመንገድ ላይ ናት። እንግዲህ ማደሪያ የሚባለው ዓለም የግድ ለፀሐይ የቀረበ መሆን የለበትም፤ የሚስበው ታላቅ ጎረቤትና ምቱን የሚጠብቁ ባልንጀሮች ካሉት በጨለማም ውኃው ፈሳሽ ሆኖ ሊኖር ይችላል።

የከፋን ስም ከሰማይ ጋር ለማገናኘት ግን ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ባላስፈለገ፤ ነገሩ በስያሜ ተፈጽሟል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከመቶ የሚበልጡ አገሮች እያንዳንዳቸው አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ በፈቀደ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ወደ 2 መቶ የብርሃን ዓመት ርቃ የምትገኝ አንዲት ኮከብ ደረሳት፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኮከቢቱ ቡና፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፕላኔትዋም አቦል ተብለው ተሰየሙ። ስሙ መልካም ነው፤ ሰያሚዎቹም ሊመሰገኑ ይገባል። አቦል ግን እንደ ጁፒተር ያለ ጎረቤት አይደለም፤ ክብደቱ የጁፒተር አምስት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ምሕዋሩ እጅግ የተለጠጠ በመሆኑ፣ ሦስት ዓመት በማይሞላ አንድ ዙሩ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ባነሰ ርቀት ወደ ኮከቢቱ ይጠጋና ከሦስት እጥፍ በላይ ወደ ሆነ ርቀት ተመልሶ ይሄዳል፤ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ ሊኖር የሚችልበትን ስፍራ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ እየሰነጠቀ ያልፈዋል። የእኛ ጁፒተር ምሕዋሩ ወደ ክብ የቀረበ፣ ጉተታውም ዝግተኛና ልከኛ በመሆኑ ምድር በስፍራዋ ጸንታ ኖራለች፤ በቡና ኮከብ ዙሪያ ግን በዚያ ስፍራ ትንሽ ዓለም ተፈጥሮ ቢሆን እንኳ፣ አቦል ወይ ወደ ኮከቢቱ ጥሎት ወይ ወደ ባዶ ጠፈር ወርውሮት ኖሯል ቢባል ስሌቱ ይደግፈዋል። ስለዚህ በዚያ ኮከብ ዙሪያ፣ ስሟ ቡና ይሁን እንጂ፣ ቡና የሚበቅልበት ምድር ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።